ለጓደኝነት የተላኩ ሽማግሌዎች

በ2094 ዓ.ም. ኮምቦልቻ ውስጥ ልጆች ከትምህርት ቤት የሚወጡት በተራ ነበር። ተራው በቁመት አይደለም፣ በክፍልም አይደለም፤ በቅርበት ቁጥር ነው። ቁጥራቸው ዘጠና የደረሰ ልጆች ልክ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሩን ያልፋሉ። ሰማንያዎቹ ሁለት ደቂቃ ቆይተው ይወጣሉ፤ ሰባዎቹ ከእነሱ ቀጥለው። የሚጋፋም የሚሮጥም የለም። ተራው ሲደርስ የልጁ አምባር እጁ ላይ ሞቅ ይላል፤ ልጁም ቦርሳውን አንስቶ ይሄዳል።

ወላጆችም በዚሁ ልክ ነው የሚመጡት። የዘጠናዎቹ እናቶች ከዋርካው ጥላ ሥር ቆመው ይሳሳቃሉ። የሃያዎቹ አባቶች የአጥሩን ጥግ ይዘው ሰማይ ሰማይ ያያሉ። እንድሪስ የሚደርሰው ዘጠኝ ከሃያ ነው። የጣሪያ የፀሐይ ሰሌዳ ጠራጊ ስለሆነ ሥራውን ስምንት ሰዓት ላይ ይጨርሳል፤ ቀድሞ መምጣት ይችል ነበር። ነገር ግን ቀድሞ መጥቶ የሚቆም አባት ልጁ እስክትወጣ ድረስ ሰው ሁሉ ቁጥሯን በልቡ ያሰላበታል። ስለዚህ ድልድዩ ላይ ቆሞ ቦርከናን ሲያይ ይቆይና ግቢው ጭር ሲል ብቅ ይላል።

ልጁ ሉባባ ስምንት ዓመቷ ነው። ቁጥሯ አሥራ አንድ ነው።

አምና ሃምሳ አራት ነበረች። ሃምሳ አራት ማለት የሚያኮራም የሚያሳፍርም አይደለም፤ በሰላም ያስተኛል። ከመስከረም ወዲህ ግን ቁጥሯ እንደ ቦርከና የበጋ ውኃ እየቀነሰ መጣ። አምባሩ ምን እንደሚቆጥር ልጆቹ ሳይቀሩ ያውቁታል። ማን አጠገብህ ተቀመጠ፣ ማን ስምህን ጠራ፣ ስትመጣ ማን ፈቀቅ አለ፣ አጠገቡ የቆምከው ልጅስ ቁጥሩ ስንት ነው። በዚህ ውስጥ ክፋት አልነበረም። ልጆች በጓደኞቻቸው ተገፍተው የሚያለቅሱበት ዘመን እንዲያበቃ ተብሎ የመጣ ነገር ነው፤ እውነትም አብቅቷል። በዚያ ግቢ ያለቀሰ ልጅ ከታየ ሁለት ዓመት አልፎታል። ሦስት ወር በተከታታይ ከአሥራ ሁለት በታች የሆነ ልጅ ወንዙን ተሻግሮ ወደ ማዶ ግቢ ይዛወራል። እዚያ በነጩ ሕንፃ ውስጥ እያንዳንዱ ልጅ የራሱ ክፍል፣ የራሱ መስኮት፣ የራሱ የምሳ ጠረጴዛ አለው። ብቻውን ስለሚማር የሚገፋው የለም።

የሉባባ ሦስተኛ ወር ሊሞላ አሥራ ሁለት ቀን ቀርቶታል።

ያን ሰኞ ድልድዩን እየተሻገሩ እንድሪስ እንደ ልማዱ ጠየቃት።

«ዛሬ ከማን ጋር ተጫወትሽ?»

«ከጦይባ ጋር።»

«ከሌላስ?»

«ከሌላ የለም። እሱም ጨዋታ አይደለም፤ ተረት እየነገረችኝ ነው።»

«ጎሽ» አላት። ሐሳቡ አሥራ አንድ ላይ ስለነበር ያለችውን አልሰማም። ቀድመው ወጥተው ሲጫወቱ የቆዩ፣ ከሥልሳ በላይ የሆኑ ልጆች ከኋላ በሩጫ አልፈዋቸው ሲሄዱ እጇን ጠበቅ አድርጎ ያዘ።

ቤት ሲደርሱ ሚስቱ ዘሀራ ሽንኩርት እየላጠች ነበር። ገና ፊቱን እንዳየች ቁጥሩን አወቀችው። ልጅቷ ወደ ጓዳ እስክትገባ ጠብቃ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

«አንተ እንድሪስ» አለችው፤ «እስከ መቼ ነው ድልድይ ላይ የምትቆመው? ሰው የሚያደርገውን አድርግ እንጂ። ሽማግሌ ላክ።»

በዚያ ዘመን ለጋብቻ ሽማግሌ መላክ ቀርቶ ነበር። ወጣቶቹ እርስ በርስ ይስማሙና ለወላጅ የሚነግሩት የሠርጉን ቀን ብቻ ነው። ሽማግሌዎቹ ግን ሥራ ፈትተው አልቀሩም፤ ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም፣ ለጓደኝነት መላክ ጀመሩ። ልጁ ቁጥሩ የወረደበት አባት ሁለት ጨዋ ሰዎች ይለምናል፤ እነሱም ቁጥሩ ወደ ከፍታ የወጣ ልጅ ቤት ሄደው «ልጃችሁን ለልጃችን ጓደኛ» ይላሉ። ወጉ የጋብቻው ነው። ነጭ ይለበሳል፣ ጉዳዩ ሳይሰማ አይቀመጡም፣ ተሰምቶ ፈቃድ ካልተገኘም ውኃ አይቀምሱም። ልዩነቱ አንድ ነው፤ በጓደኝነት ሽምግልና የልጁ አባት አብሮ ይሄዳል፣ ግን አፉን አይከፍትም።

እንድሪስ የለመናቸው ሼህ ይመርንና ጋሽ ደምሌን ነው። ሼህ ይመር የሰፈሩ መስጊድ ኢማም ነበሩ፤ አሁን ዓይናቸው ደከም ብሏል፣ ምላሳቸው ግን እንደ ድሮው ነው። ጋሽ ደምሌ ዕድሜ ልካቸውን የጨርቃ ጨርቅ ማሽን ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሰው ናቸው። ጓደኛሞች ናቸው፤ የሁለቱን ቅርበት ለክቶ የሚያውቅ አምባር የለም።

«የማን ቤት ነው የምንሄደው?» አሉ ጋሽ ደምሌ።

«የአስካለ ቤት» አለ እንድሪስ ቀስ ብሎ። «ዘጠና ሰባት ናት።»

ሼህ ይመር አፋቸውን በሻሻቸው ሸፍነው ሳል አሉ። «መለመናችን ካልቀረ እዚያው ከላይ!»

አስካለ፣ የቅድመ አያት ስም አዲስ ፋሽን በሆነበት ጊዜ የተወለደች፣ የክፍሉ ሁሉ ዓይን ያረፈባት ልጅ ነበረች። እናቷ ወይዘሮ ኤልዳና በሩን የከፈቱት ሳይደነቁ ነው። በዚያ ወር ብቻ አሥራ አራት ጊዜ ሽማግሌ መጥቶባቸዋል። ሳሎኑ ውስጥ ማንም ያልተቀመጠባቸው ሦስት ወንበሮች ግድግዳውን ተደግፈው ተደርድረዋል።

«ተቀመጡ» አሉ ለወጉ ያህል።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ ሼህ ይመር ለወጉ ያህል።

«ቁጥሯ ስንት ነው?»

«ቁጥሯን አልያዝንም፤ የምናውቀው ልጅቷን ነው» አሉ ሼህ ይመር። «ሉባባ እንድሪስ ትባላለች። ሰው አታማም። የሰው ቤት ገብታ እቃ አትነካም። ሁለት ዓመት ሙሉ ከቤቴ እስከ መስጊድ እጄን ይዛ የወሰደችኝ እሷ ናት፤ አንድ ቀን እንኳ አላጣደፈችኝም።»

እንድሪስ መሬት መሬቱን ያያል። ልጁ ስትወደስ ደስ ሊለው ሲገባ አንገቱን አስደፋው፤ እቃ ገበያ አውጥቶ የሚያሻሽጥ ሰው መስሎ ተሰማው። ወይዘሮ ኤልዳና ፊታቸው ጨዋ እንደሆነ ሰዓታቸውን ሰረቅ አድርገው አዩ።

ይኼኔ ነው አስካለ ራሷ፣ ግማሽ ፀጉሯ ተጎንጉኖ ግማሹ ተበትኖ፣ ከውስጥ ብቅ ያለችው።

«ሉባባ ናት እንዴ?» አለች። «እኔ እኮ ጠይቄያት እምቢ ብላኛለች።»

እንድሪስ አፉን መክፈት እንደሌለበት ረሳ።

«ማን? እሷ? አንቺን?»

«አዎ። ጥቅምት ላይ። ነይ እኛ ጋ ቁጭ በይ አልኳት። 'ጦይባ ገና አልጨረሰችም' አለችኝ።»

«ምኑን ነው ያልጨረሰችው?» አሉ ጋሽ ደምሌ።

«ተረቷን ነዋ! ጦይባ መስከረም ላይ ከባቲ የመጣችው ልጅ ናት። ስታወራ ቃሉ ቶሎ አይወጣላትም። እ… እ… እያለች፣ አንድ ነገር ለመናገር እረፍቱ አይበቃትም። ቁጥሯ ሦስት ነው። አጠገቧ የቆመ ሁሉ ይወርድበታል፤ ሁላችንም ሄድን። ሉባባ ብቻ ቀረች።» አስካለ የተበተነውን ፀጉሯን ጣቷ ላይ ጠመጠመች። «እኔም መጀመሪያውን ሰምቼዋለሁ። ጨለማ የሚፈራ ጅብ ነው። ጉድጓድ ውስጥ ሲወድቅ አምባሬ ነዘረኝና ተነሣሁ።» ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ቀና ብላ፣ «ወጣ እንዴ ጅቡ? ታውቃላችሁ?» አለች።

ሽማግሌዎቹ አያውቁም ነበር። «አላህ ያውጣው» ብለው ሼህ ይመር መረቁ፤ ሉባባ ራሷ እምቢ ካለች የሚለመን የለምና ሦስቱም ወጡ።

እንድሪስ ወደ ቤት የሄደው በድልድዩ ሳይሆን በሩቁ ዙሪያ መንገድ ነው። ሦስት ወር ሙሉ ልጁ የተጣለች መስሎት አንገቱን ደፍቶ ሲሄድ፣ ልጁ ለካ አልተጣለችም። ኮርቷል፤ ደግሞ ተናዷል። ማዶ ግቢን አንድ ቀን ጣሪያው ላይ ሆኖ ሲጠርግ በጣሪያው መስኮት አይቶታል። አንዲት ትንሽ ልጅ ብቻዋን ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ ማንኪያዋን ይዛ ግድግዳው ላይ ላለው ትልቅ ሥዕል «እንካ» ትል ነበር። ያን ካየ ወዲህ እዚያ ጣሪያ ላይ ወጥቶ አያውቅም።

ሉባባ ደጅ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን ስታጥብ አገኛት። አጠገቧ ቁጢጥ አለ።

«ሉባባዬ፣ አስካለ ነይ ብላሽ ነበር?»

«አዎ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አልጠየቅከኝማ። የምትጠይቀኝ ከማን ጋር ተጫወትሽ ብለህ ነው፤ ጦይባ ስልህ ደግሞ 'ከሌላስ' ትለኛለህ።»

እንድሪስ አፈረ። ቢሆንም ፍርሃቱ ከእፍረቱ በለጠ። «ስሚኝማ፣ አሥራ ሁለት ቀን አልነበር የቀረው፤ አሁን ዘጠኝ ነው። እሱን ዘጠኝ ቀን ብቻ ከአስካለ ጋር ተቀመጪ። ከዚያ በኋላ እንደ ፈለግሽ። ጦይባም አትቀየምሽም።»

ሉባባ ብሩሹን አስቀመጠች። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ልጆች በማያለቅሱበት ዘመን እንባዋን የት እንደምታደርገው ያላወቀች መሰለች።

«አባ፣ መሃል ላይ ናት እኮ።»

«ምኑ መሃል?»

«ተረቱ። ጅቡ ገና ጉድጓድ ውስጥ ነው።»

«እሺ፣ እስቲ ንገሪኝ» አለ፤ ለማባበል ያህል ነበር።

ነገረችው። አንድ ጅብ ነበር፣ ጨለማ የሚፈራ። ሌሊት ሌሊት ሌሎቹ ጅቦች ሲወጡ እሱ ዋሻው ውስጥ ዓይኑን ጨፍኖ ይተኛል፤ ቀን ቀን ብቻውን ይወጣል፣ ሰዉም ያሳድደዋል። ሉባባ ስትነግረው ያለ ቦታው ቆም ትላለች። «ጅቡ…» ትልና ዝም፤ «ጅቡም…» ትልና ዝም። ጦይባ የተቸገረችበትን ቦታ ሁሉ፣ ዝምታውን ሳይቀር፣ እንደ ተረቱ አካል አድርጋ ይዛዋለች። እንድሪስ በየዝምታው ሳያስበው ጆሮውን ያስጠጋ ነበር። ጅቡ ጉድጓድ ውስጥ ሲወድቅ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። ልጅቷ እዚያ ላይ አቆመች።

«ከዚያስ?»

«ነገ ነው የምትነግረኝ» አለች ሉባባ።

እንድሪስ ጫማውን ከእጇ ተቀብሎ አጥቦ ፀሐይ ላይ አሰጣው። ስለ አስካለ ሁለተኛ አላነሣም።

በማግስቱ ጠዋት ሥራውን ትቶ ወደ ትምህርት ቤቱ አማካሪ ሄደ። አማካሪዋ ለስላሳ ድምፅ ያላት ወጣት ናት፤ ወላጆች ሁሉ ቢሮዋ ሲገቡ የሚለምኗትን ስለምታውቅ ገና ሳይቀመጥ ማዘኗን ገለጸችለት። እሱ ግን የጠየቃት ሌላ ነበር። ማዶ ግቢ ሁለት ልጆች አንድ ክፍል መሆን ይችላሉ ወይ?

አማካሪዋ ደንቡን ፊቷ ባለው ሰሌዳ ላይ አብርታ ብዙ ፈለገች። «ይችላሉ» አለች በመጨረሻ፣ ራሷም ተገርማ። «የሁለቱ ወላጆች ፈቃድ ወሩ ሳያልቅ ከገባ ይችላሉ። እስካሁን የጠየቀን ሰው የለም።»

መቼም አይጠየቅም። ልጁ የወረደበት አባት ሁሉ ሽማግሌ የሚልከው ወደ ላይ ነው። የዘጠናዎቹ ቤት ወንበር ተደርድሮ የሦስቶቹ ቤት ውኃ እንኳ የሚጠይቅ አይገባም። እንድሪስ ራሱ ትናንት ያደረገው ይህንኑ ነው።

«ደግሞ ለማን ቤት?» አሉ ጋሽ ደምሌ ጉልበታቸውን እያሹ።

«ለሦስት።»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያዩ። ሼህ ይመር ነጭ ሻሻቸውን አንሥተው ጠመጠሙ፤ ለአስካለ ቤት ከጠመጠሙት ይልቅ ይህን አሳምረውታል።

ጦይባና እናቷ የሚኖሩት ባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ ሐዲዱ አጠገብ ባለች አንዲት ክፍል ነው። እናቷ ሰዓዳ ጣቢያውን የምታጸዳ፣ ከሲታ፣ ከሰው ጋር ብዙ የማታወራ ሴት ናት። በሩን ከፍታ ነጭ የለበሱ ሦስት ሰዎች ስታይ እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጫነች።

«ምነው! ማን ሞተብኝ? እናቴ ናት?»

«አይዞሽ እቴ፣ ማንም አልሞተ» አሉ ሼህ ይመር። «እንግዶች ነን፤ ለደግ ነው የመጣነው።»

ሰዓዳ ልቧ እስኪመለስ በሩን ተደግፋ ቆየች። ከዚያ ያለቻትን አንድ ወንበርና አንድ በርሜል እየጠረገች «ተቀመጡ፣ በአላህ፣ ተቀመጡ» ትል ጀመር።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም። ልጅሽን ጦይባን ለልጃችን ለሉባባ እንድትሰጪን ነው። ለጓደኝነት። ማዶ ግቢ አንድ ክፍል እንዲሆኑ።»

ሰዓዳ መጥረጊያ ጨርቋን ይዛ ቀረች። «ጦይባን?» አለች። «የኔዋን ጦይባ? ተሳስታችሁ እንዳይሆን፤ ከኋላችን ባለው ቤት ሌላ ልጅ አለች፣ ስልሳ ምናምን ናት መሰለኝ…»

«አልተሳሳትንም» አሉ ጋሽ ደምሌ።

ሴትዮዋ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ልጇን የሚፈልግ ሰው ቤቷ ድረስ መጥቶ አያውቅም፤ ከትምህርት ቤቱ የሚመጣው «እናዝናለን» የሚል ብቻ ነበር። «ውሰዷት» አለች፤ «ምን ይጠየቃል፣ ዛሬውኑ፣ አሁኑኑ…»

«ቆይ እስቲ» አሉ ጋሽ ደምሌ እጃቸውን አንሥተው። «ባለጉዳይዋ ትጠየቅ እንጂ። የት ናት?»

ከመጋረጃው ጀርባ ጦይባ ወጣች። ቀጭን ናት፤ ፀጉሯ ውስጥ እርሳስ ሰክታለች። ሁሉንም እንደሰማች ያስታውቃል። ሦስቱን ሰዎች በተራ አየቻቸው፤ እንድሪስ ላይ ስትደርስ የሉባባ አባት መሆኑን ሳታውቀው አልቀረችም፣ ትንሽ ፈገግ አለች።

«ልጄ፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?» አሏት ሼህ ይመር።

«እ…» አለች ጦይባ።

ሁሉም ጠበቀ።

«እ… እ…»

ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ፣ አንገቷ ተወጠረ። እናትዮዋ እንደ ወትሮዋ ቃሉን ልትጨርስላት አፏን ከፈተች፤ ሼህ ይመር ሳያዩ፣ ትንፋሿን ሰምተው ብቻ፣ መዳፋቸውን ቀስ አድርገው ወደ እሷ ዘረጉ። ሰዓዳ አፏን ዘጋች። ባቡር መጣ፣ ክፍሏ ተንቀጠቀጠች፣ ባቡሩ አለፈ። ጋሽ ደምሌ የቆሙት በአንድ እግራቸው ነበር ማለት ይቻላል፤ ጉልበታቸው እየነደደ ላብ ግንባራቸው ላይ ወጥቷል፣ ወንበሩ ደግሞ አጠገባቸው ነው። አልተቀመጡም። እንድሪስ አምባር የለውም፤ ቢኖረው ኖሮ እነዚያን ደቂቃዎች ምን ብሎ እንደሚቆጥራቸው እንጃ።

«እን… እንመ… ካከርና» አለች ጦይባ። ትንፋሿን ሰበሰበች። «በ… በሳምንቱ… ተመለሱ።»

«ጦይባ!» አለች እናቷ ደንግጣ። «ኧረ ልጄ፣ አብደሻል?»

ሼህ ይመር ግን ሳቃቸው መጣ። መቁጠሪያቸው በእጃቸው እስኪንሿሿ ድረስ ሳቁ። «ተያት፣ ተያት! ልክ ናት። የተከበረ ሰው ልጅ በመጀመሪያው ቀን ይሰጣል እንዴ? ደጅ መጥናት አለብን እንጂ!» ከዚያ ወደ ልጅቷ ዝቅ ብለው «እሺ እመቤቴ፣ በሳምንቱ እንመለሳለን» አሏት በሙሉ አክብሮት።

ሳይቀመጡ ወጡ። ጋሽ ደምሌ እስከ ሐዲዱ ድረስ እያነከሱ «ሥርዓት ያላት ልጅ! ሥርዓት ያላት!» እያሉ ሄዱ። እንድሪስ ቀኑን በጣቱ ቆጠረ፤ በሳምንቱ ቢመለሱ ወሩ ሊያልቅ አንድ ቀን ይተርፋል። ከመስከረም ወዲህ የዚያን ቀን ያህል አንጀቱ ቅቤ የጠጣበት ጊዜ አልነበረም። ልጁ ማዶ ግቢ እንደምትሄድ ያውቃል። ብቻዋን ግን አትሄድም።

ቤት ሲደርስ ዘሀራ እራት አቅርባ ትጠብቅ ነበር። ሉባባ ግን ምግቡን ሳትነካ በሩን በሩን ስታይ ቆይታለች።

«ምን አለች?»

«በሳምንቱ ተመለሱ አለችን።»

ሉባባ ይህን ችላ አለችው። የምትፈልገው ሌላ ነበር።

«ስትናገር ጠበቃችኋት?»

«ጠበቅናት።»

«እስክትጨርስ?»

«እስክትጨርስ።»

ሉባባ አባቷን ትክ ብላ አየችው። እውነቱን መሆኑን ስታውቅ ወደ ሳህኑ ቀረበችና መብላት ጀመረች።